ዳታ፣ መብራትና ዶላር፦ ከደሴ ሆኜ ለራሴ ድረ ገጽ መሣሪያና ሆስቲንግ የመረጥኩበት መንገድ

ደሴ ተቀምጦ የራሱን ድረ ገጽ ለመሥራት የተነሣ ሰው ዩቲዩብ ላይ የሚያገኘው ምክር በአብዛኛው ለሌላ አገር ሰው የተሰጠ ነው። መካሪው ኪሱ ውስጥ ዓለም አቀፍ ካርድ አለው፤ ኢንተርኔቱ በሜጋባይት አይቆጠርበትም፤ መብራት ከጠፋበት ሳምንቱን ሙሉ የሚያወራው ወሬ ነው። ስለዚህ «ሁሉም ያው ነው፣ ደስ ያለህን ምረጥ» ብሎ ያልፈዋል። እኛ ጋ ግን ያው አይደለም። ዳታ የሚበላው የትኛው ነው፣ ዶላር የሚጠይቀው የትኛው ነው፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ የሚያስፈታው የትኛው ነው የሚለውን አስቀድሞ መለየት የሥራው ግማሽ ነው።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ማስታወሻዎቼን፣ ከጦሳ ተራራ ላይ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች፣ ቦርከና ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻንና ጨፋን አልፎ አዋሽን እስኪቀላቀል ድረስ የሚሄድበትን መንገድ የሚያሳዩ በእጄ የሳልኳቸውን ካርታዎች የማስቀምጥበት ድረ ገጽ አለኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ አልተማርኩም። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥም የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሚኒባስ ውስጥም «በምን ሠራኸው? የት አስቀመጥከው? ስንት ከፈልክ?» የሚሉኝ ስለበዙ፣ ያየሁትን ጀባ ልበላችሁ።

በመጀመሪያ ድረ ገጽ ለምን አስፈለገ የሚለው። «ቲቸር፣ ቴሌግራም ቻናል አይበቃም ነበር?» የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። ቻናሉም አለኝ። ችግሩ ዛሬ ስለ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር የለጠፍኩት ጽሑፍ በሚቀጥለው ወር በፈተና ፕሮግራምና በእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ሥር ተቀብሮ መቅረቱ ነው። ጉግል ላይ የሚፈልገውም ሰው አያገኘውም። በ2015 የካቲት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲዘጉ ደግሞ ቪፒኤን የሌለው ተማሪ ቻናሉን ለወራት ሳያይ ቀረ፤ ድረ ገጹ ግን ያለ ምንም ጣጣ ይከፈት ነበር። ለእኔ ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። አሁን የቻናሉ ሥራ አዲስ ነገር ሲወጣ ሊንኩን መጣል ብቻ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ሰው በለበሰው ልብስ ነው የወጣው። ስንመለስ የመሥሪያ ቤቱም የቤቱም ኮምፒውተር የለም። የዓመታት የትምህርት ማስታወሻ ከነሃርድ ዲስኩ የጠፋባቸው ባልደረቦች አሉኝ። የኔ የተረፈው ላፕቶፑን ይዤ ስለወጣሁ ነው። ጽሑፌ ከከተማው ውጭ አንድ ቅጂ እንዲኖረው የወሰንኩት ያኔ ነው።

መሣሪያ ከመምረጤ በፊት ግን «ከዚህ ሁሉ ውስጥ የኔ የሚሆነው ምንድን ነው?» ብዬ ለየሁ። መልሱ ሁለት ነገር ሆነ፤ ጽሑፉና ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ ስም። ሌላው ሁሉ ኪራይ ቤት ነው። አከራዩ ዋጋ ቢጨምር፣ ቢዘጋ፣ ወይም ክፍያዬን አልቀበልም ቢል ዕቃዬን ጠቅልዬ መውጣት መቻል አለብኝ። ይህን ካወቅሁ በኋላ እያንዳንዱን መሣሪያ የምመዝነው «ከዚህ ለመውጣት ብፈልግ ምን ይዤ እወጣለሁ?» በሚል ነበር። አይጥ እየጎተታችሁ ገጹን የምትሠሩባቸው እንደ ዊክስ ያሉ አገልግሎቶች የወደቁብኝ በዚህ ነው። ሲያዩት ያምራል፤ ግን ሠርታችሁት ስታበቁ ገጹን ከነመልኩ አውርዳችሁ ሌላ ቦታ ልትከፍቱት አትችሉም።

ዎርድፕረስን በደንብ ነው የፈተሽኩት፤ ሁሉም ሰው ስለሚጠቅሰው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በነጻ የሚሰጥ ሶፍትዌር ነው፤ ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከአሥሩ አራቱ ገደማ በእሱ ነው የሚሠሩት። ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ ዎርድፕረስ ዶት ኮም ድረ ገጻችሁን ራሱ የሚያስተናግድ አገልግሎት ነው፣ ዎርድፕረስ ዶት ኦርግ ደግሞ ሶፍትዌሩን አውርዳችሁ በራሳችሁ ሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጹ በሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ ላይ የምትጭኑበት ነው። ኃይሉ ያለው በሁለተኛው ነው። እሱ ግን ፒኤችፒ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያስኬድና ዳታቤዝ ያለው ሰርቨር ይፈልጋል፤ ያ ማለት በየዓመቱ የሚከፈል ሆስቲንግ ማለት ነው። ዎርድፕረሱ፣ ቴሙ (የገጹ መልክ) እና ፕለጊኖቹም (ተጨማሪ መሣሪያዎቹ) በየጊዜው መታደስ አለባቸው። ያልታደሰ ፕለጊን ያለበት ዎርድፕረስ ነው ጠላፊ የሚገባበት። ለክረምት እረፍት ገጠር ወርዶ ለወር ያህል ዳሽቦርዱን፣ ማለትም የድረ ገጹን መቆጣጠሪያ የማይከፍት እንደኔ ያለ ሰው ይሄ ያሳስበዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የከበደኝ አጻጻፉ ነው። ዎርድፕረስ ላይ የምትጽፉት ኢንተርኔት ላይ ሆናችሁ ነው። አንድ አንቀጽ ለማረም ዳሽቦርዱ ይከፈት፣ አዘጋጁ ይጫን፣ ፎቶው ይውጣ፣ ገጹ ይታደስ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ዳታ ይሄዳል፣ መስመሩ ሲንቀራፈፍም ትዕግሥት አብሮ ያልቃል። በላፕቶፕ ላይ ጭኖ መሥራት ይቻላል፣ ሠርቼበታለሁም፤ ግን ከላፕቶፑ ወደ ሰርቨሩ ማሻገሩ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መጥፎ መሣሪያ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ ሰው የሚጽፍበት የትምህርት ቤት ወይም የድርጅት ድረ ገጽ ቢሆን፣ ወይም ፋይልና ፎልደር መነካካት የማይወድ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ሂዱና ዎርድፕረስ ሥሩ ነው የምለው። ለአንድ ሰው ማስታወሻ ግን ከብዶኝ ተውኩት።

የመረጥኩት ሁጎን ነው። ሁጎ ስታቲክ ሳይት ጀነሬተር ከሚባሉት ወገን ነው። ጽሑፋችሁን በተራ የጽሑፍ ፋይል ትጽፋላችሁ፤ ርእስ ለማድረግ ከፊቱ የቁጥር ምልክት (#)፣ ለማድመቅ ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት ኮከብ። ይህ አጻጻፍ ማርክዳውን ይባላል፤ በአንድ ከሰዓት ይለመዳል። ሁጎ እነዚህን ፋይሎች ወስዶ ያለቀለት የኤችቲኤምኤል ገጽ አድርጎ አንድ ፎልደር ውስጥ ያወጣላችኋል። ያን ፎልደር የትም ብታስቀምጡት ይሠራል። ዳታቤዝ የለ፣ ፒኤችፒ የለ፣ የሚታደስ ፕለጊን የለ። አንባቢ ሲመጣ ሰርቨሩ ያለቀውን ፋይል አንሥቶ መስጠት ብቻ ነው ሥራው።

በዚህ ወገን ሌሎችም አሉ። ጄኪል ከሁሉም ቀዳሚው ሊባል ይችላል፤ ግን መጀመሪያ ሩቢ የሚባለውን ቋንቋ መጫን አለባችሁ፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ያ ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ኤሌቨንቲና አስትሮ የሚባሉት ደግሞ ኖድ ጄኤስ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋሉ፤ ከሱ ጋር የሚወርዱት ጥገኛ ፋይሎች ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ በአሥሮችና በመቶዎች ሜጋባይት ሊደርሱ ይችላሉ። ሁጎ ግን አንድ ፋይል ነው። አንዴ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ካስቀመጣችሁት ለጓደኛም ይተርፋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የጎረቤቴ ልጅ ይሄን ሲያይ «ጋሼ፣ ሪአክት ቢጠቀሙ እኮ ይሻላል፣ ዘመናዊ ነው» አለኝ፤ ሪአክት የድረ ገጽ ፕሮግራመሮች የሚጠቀሙበት መሣሪያ ነው። «አብሽር፣ አንተ ስትመረቅ ትሠራልኛለህ» አልኩትና ተሳስቀን ተለያየን። ልጁ ለሥራ መማሩ ልክ ነው፤ ለማስታወሻ ገጽ ግን ሪአክት አያስፈልግም።

ሥራው በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ማታ ነው፣ መብራት ሄዷል፣ ላፕቶፑ ግማሽ ባትሪ አለው፣ ዳታው ጠፍቷል። ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ ሁጎ ሰርቨር የሚለውን ትእዛዝ እሰጣለሁ። ብራውዘሩ ላይ ሎካልሆስት 1313 (localhost:1313) ብዬ ስገባ ድረ ገጼ እንዳለ ይከፈታል፤ ሜኑው፣ ፎቶው፣ ሁሉም። በአንድ በኩል ፋይሉን በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ እጽፋለሁ፤ ሴቭ ባደረግሁ ቁጥር በሌላ በኩል ያለው ገጽ ራሱን ያድሳል። አንድ ኪሎባይት ሳላወጣ ጽሑፉን ጨርሼ፣ አንብቤ፣ አርሜ ላፕቶፑን እዘጋለሁ። ኢንተርኔት የሚያስፈልገኝ በመጨረሻ ለመላክ ብቻ ነው።

እንከኑንም ልናገር። የሁጎ የቴምፕሌት ቋንቋ ፊት አይሰጥም፤ አንድ ቅንፍ ከጎደለ የሚሰጠው የስሕተት መልእክት ራስ ያዞራል። ቴሞቹም ከሁጎ አዲስ ቨርዥን ጋር አንዳንዴ አይስማሙም። ስለዚህ የሠራልኝን ቨርዥን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤ መጫኛውን ከጽሑፎቼ ጋር አብሬ አስቀምጫለሁ። ስታቲክ ድረ ገጽ ላይ ሶፍትዌሩ የሚሠራው ገጹ ሲዘጋጅ ብቻ እንጂ አንባቢ በሚመጣበት ሰርቨር ላይ ስላልሆነ፣ የቆየ ቨርዥን መጠቀም የዎርድፕረስን ዓይነት አደጋ የለውም። ቴም ስትመርጡም ቀለል ያለውን ውሰዱ። ተንሸራታች ፎቶና የሚበር ጽሑፍ ያለበት ቴም ማሳያው ላይ ነው የሚያምረው።

አሁን ወደ አማርኛው። እንግሊዝኛ መማሪያዎቹ የማይነግሯችሁ ብዙ ነገር እዚህ አለ።

የቆዩ ማስታወሻዎቻችሁ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፉ ከሆኑ ወርድ ላይ አማርኛ ሆነው የታዩት ጽሑፎች ድረ ገጹ ላይ ስትለጥፏቸው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናሉ። ምክንያቱም ያ አሠራር የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የሚያስቀምጥ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደላት ሥርዓት ዩኒኮድ ይባላል፤ ግዕዝ በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3ኛው ቨርዥን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየሩ፤ መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፣ ከተቀየረ በኋላ ግን በዓይን ማንበብ ግድ ነው። አዲስ የምትጽፉትን ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ኪቦርድ ጻፉ። ፋይሉንም ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) በሚባለው የዩኒኮድ ማስቀመጫ ሴቭ አድርጉ።

የገጹን አድራሻ በአማርኛ አታድርጉ። እኔም የአማርኛ ወዳጅ ነኝ፣ ግን እዚህ ላይ ስሜት አያዋጣም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው፤ አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ቁምፊ ይጻፋል። ስለዚህ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ቁምፊ ይሆናል። «ጂኦግራፊ» የሚለው ባለ አምስት ፊደል ቃል ብቻውን 45 ቁምፊ ወጣው ማለት ነው። ተማሪው ከብራውዘሩ ቀድቶ ቴሌግራም ላይ ሲለጥፈው ግማሽ ስክሪን የሚሞላ የፐርሰንት ሰልፍ ይሆናል፤ የሚያየውም ሰው ቫይረስ መስሎት አይነካውም። የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል አጭር አድርጉት፤ ርእሱ አማርኛ ይሁን።

ፎንት ላይ ደግሞ ብዙዎች ያለ ምክንያት ዳታ ያባክናሉ። ዛሬ አብዛኛው ስልክ የግዕዝ ፎንት ከውስጡ አለው። ኖቶ ኢትዮፒክንም ሆነ አቢሲኒካን ከድረ ገጹ ጋር ብትልኩ አንባቢው በመቶ ኪሎባይቶች ሊቆጠር የሚችል ፋይል በተጨማሪ ያወርዳል፤ ከጽሑፉ ብዙ እጥፍ። እኔ ስልኩ ባለው ፎንት እንዲታይ ትቼዋለሁ። ከዚያ ይልቅ የመስመሮቹን ርቀት ሰፋ አድርጉ፤ የእንግሊዝኛ ቴሞች ልክ ለግዕዝ ይጠባል፣ እኔ የፊደሉን ቁመት 1.8 እጥፍ አድርጌዋለሁ። ሰያፍ ጽሑፍም አጥፉ። ግዕዝ በባህሉ ሰያፍ የለውም፤ ብራውዘሩ በግድ ሲያጋድመው ፊደሉ የሚወድቅ ይመስላል።

የቀኑ ነገር። ሁጎ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2017 ብላችሁ ብትሰጡት ጽሑፉን ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ አድርጎ ከዝርዝሩ ታች ይጥለዋል። ቀኑ ገና ካልደረሰ ደግሞ ጭራሽ አያወጣውም፤ ስለዚህ ጽሑፍ ሠርታችሁ ድረ ገጹ ላይ ከታጣ መጀመሪያ ቀኑን ተመልከቱ። እኔ በእያንዳንዱ ፋይል ራስ ላይ ሁለት ቀን አስቀምጣለሁ፤ አንዱ ሁጎ ለመደርደር የሚጠቀምበት የፈረንጁ፣ ሁለተኛው አንባቢው የሚያየው የእኛው፣ በእጄ የተጻፈ።

መፈለጊያ ሳጥን የምታስገቡ ከሆነ አንዱ ሰው «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሦስተኛው «ፀሀይ» ብሎ እንደሚጽፍ አትርሱ። ለኮምፒውተሩ ሦስቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከመፈለጉ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ አጭር ኮድ ያስፈልጋል፤ ለየሆሄው ሰባቱም ድምፅ። ይህቺን የጻፈልኝ ያው የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ሪአክት ሳያስፈልገው።

ፎቶ ከሁሉም ይበላል። ስልኬ የሚያነሣው አንድ የጦሳ ፎቶ 4 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስድስት ሺህ ፊደል ያለው ረጅም ማስታወሻ ደግሞ ሲሰላ 18 ኪሎባይት። አንድ ፎቶ ከመጽሐፍ በላይ ይመዝናል ማለት ነው፤ ከፋዩ ደግሞ በዕለት ፓኬጅ የሚያነበው ተማሪ ነው። የሁጎ ኤክስቴንድድ የሚባለው ቨርዥን ፎቶዎችን ራሱ አሳንሶ ዌብፒ ወደሚባለው ፎርማት ይቀይራል። ወርዱን 1200 ፒክስል ላይ ስወስነው ያው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይወርዳል፣ ስልክ ላይ ደግሞ ልዩነቱ አይታይም። በእጅ የተሳሉ ካርታዎችን ግን ስካን አድርጌ በጥቂት ቀለም ፒኤንጂ አደርጋቸዋለሁ፤ ያለዚያ የቦርከና ገባሮች ቀጫጭን መስመር ይደበዝዛል።

ወደ ሆስቲንጉ ስመጣ የድረ ገጹ ስታቲክ መሆን ዋጋውን ወደ ዜሮ አወረደው። ጊትሀብ ከሚባለው የፋይልና የኮድ ማከማቻ ጋር የሚመጣው ጊትሀብ ፔጅስ ለእንዲህ ዓይነቱ ድረ ገጽ ክፍያ አይጠይቅም፤ ካርድም አይጠይቅም። ወሰኑ ድረ ገጹ ከ1 ጊጋባይት እንዳይበልጥና በወር የሚወርደው 100 ጊጋባይት አካባቢ እንዳያልፍ ነው። ለአንድ መምህር ማስታወሻ ይሄ ሰፊ ሜዳ ነው። ኤችቲቲፒኤስ የሚባለውን የቁልፍ ምልክትም በነጻ ያስገባላችኋል፤ ለሱ ብቻ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ሁለት ጊዜ አስቡ። የወደድኩለት ዋና ነገር ግን ሌላ ነው፤ የሚላከው የተለወጠው ብቻ መሆኑ። አንድ ማስታወሻ ጽፌ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ እልካለሁ፤ ጊትሀብ ሁጎን እዚያው በነሱ ማሽን ላይ አስኬዶ ድረ ገጹን ያወጣልኛል። መስመሩ መሀል ላይ ቢቆረጥ እንደገና ነው የምልከው፤ ግማሽ የተሰቀለ ገጽ የሚባል ነገር የለም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። በነጻው አካውንት ፔጅስን ለመጠቀም የምታስቀምጡበት ማከማቻ ለማንም ክፍት መሆን አለበት። መምህራን፣ ገና ያልተሰጠ ፈተና እዚያ ፎልደር ውስጥ እንዳትጥሉ። ሁለተኛው፣ የመግቢያው ሁለተኛ ማረጋገጫ ስልካችሁ ላይ ባለ አፕ ነው የሚሆነው። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። ሲጀመር የሚሰጧችሁን የማገገሚያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከልደት ካርዳችሁ ጋር አስቀምጡ።

ጊት የሚባለው ነገር (ፋይሎቹ ወደ ጊትሀብ የሚላኩበት ፕሮግራም) ያስፈራው ሰው ክላውድፍሌር ፔጅስን ይመልከት። እዚያ ሁጎ ያወጣውን ፐብሊክ የሚባለውን ፎልደር በአይጥ ጎትቶ መጣል ይቻላል። አንድ ፋይል ከ25 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም እንጂ ለስታቲክ ገጽ የሚወርደውን አይቆጥርም። እኔ አንድ ቅጂ እዚያም አለኝ፤ አንዱ ቢበላሽ ስሙን ወደ ሌላው ማዞር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

የአገር ውስጥ ሆስቲንግስ? ዎርድፕረስ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ በር ነው፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር በብር ትከፍላላችሁ፣ ስትቸገሩም በአማርኛ ደውላችሁ ትጠይቃላችሁ። ግን ባክአፑን ራሳችሁ ያዙ። አንድ የቅርብ ጓደኛዬ የተከራየበት ቤት ድንገት ሥራ አቁሞ ስልክ የሚያነሣ ጠፋ፤ ድረ ገጹም ከነጽሑፉ ሄደ። ሲፓነል በሚባለው የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ውስጥ ሙሉውን ድረ ገጽ ጠቅልሎ የሚያወርድ ቁልፍ አለ፤ በየወሩ ወደ ፍላሽ ማውረድ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ ሳይሆን የእድሳቱን ዋጋ ጠይቁ፤ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመጀመሪያው ነው።

የኔ ብቸኛ ወጪ ዶሜይኑ ነው፤ ራስ ምታቱም እሱው ነው። ዶት ኮም ከትክክለኛ ሻጭ በዓመት አሥር ምናምን ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 10 ዶላር በባንክ ዋጋ 600 ብር አይሞላም ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ1000 ብር አለፈ። ከብሩ ይልቅ የከበደው ግን መክፈያው ነው፤ ተራው የባንክ ካርዳችን ውጭ አገር ሻጭ ጋ አይሠራም። ያለው መንገድ ሦስት ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ይክፈልላችሁ፤ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ካላችሁ ከሱ ጋር በተያያዘ ካርድ ክፈሉ፤ ወይም በብር ከሚቀበል የአገር ውስጥ ሻጭ ግዙ። ዶት ኢቲ የሚለውን የአገራችንን መጠሪያ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ የሱን የምትመርጡ ከሆነ ጥያቄውም ክፍያውም በአገር ውስጥ ያልቃል።

እኔ እህቴ ውጭ ስላለች በእሷ ካርድ ነው የገዛሁት። ግን በካርዷ ከፈለች እንጂ አካውንቱ በስሜና በኢሜሌ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። «ልጁ ሠራልኝ» ብለው የሚመጡ ባለሱቆች ዶሜይኑ በልጁ ስም ተመዝግቦ፣ ልጁ አዲስ አበባ ወይም አረብ አገር ሄዶ ስልኩ ሳይነሣ ሲቀር አይቻለሁ። ዘመድ የሚከፍልላችሁ ከሆነም አንድ ላይ ለብዙ ዓመት ማስከፈል ይሻላል፤ ዶት ኮም እስከ አሥር ዓመት ድረስ መመዝገብ ይቻላል። በየዓመቱ ሰው ከማስቸገርም ያድናል፣ ብር ሲወርድም ከመባነን። ዶሜይን ካለፈበት ወዲያው አይጠፋም፤ የችሮታ ጊዜ አለ፣ ከዚያ በኋላ ለ30 ቀን በከፍተኛ ቅጣት የሚመለስበት ጊዜ አለ። ግን ድረ ገጹ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዝግ ሊሆን ይችላል።

በ2015 ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታውጆ በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ይህ ሁሉ ምርጫ ተፈተነ። ለወራት ደሴ ውስጥ ድረ ገጼን በስልኩ የሚከፍት ተማሪ አልነበረኝም፤ ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ሆስቲንግ የለም። ግን ድረ ገጹ ራሱ የቆመው ሌላ ቦታ ስለሆነ አዲስ አበባና አዳማ ያለው ልጅ ያነብ ነበር። እኔም መጻፌን አላቆምኩም፤ ሁጎ ኢንተርኔት አይጠይቅማ። የተጠራቀመውን በፍላሽ አድርጌ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው እሰጠዋለሁ፣ ወንድሜ እዚያ ተቀብሎ ይልከዋል። እሱ ስለ ድረ ገጽ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ማወቅም አላስፈለገውም፤ ፎልደሩን ጎትቶ መጣል ብቻ ነው። ለደሴዎቹ ደግሞ ያንኑ ፐብሊክ ፎልደር በፍላሽና በሼርኢት ሰጠኋቸው። ሊንኮቹን አንጻራዊ አድርጎ እንዲያወጣቸው ሁጎ ላይ አንድ ማስተካከያ አለ፤ ያን ካበራችሁ ድረ ገጹ ያለ ኢንተርኔት ኮምፒውተር ላይ ከፎልደሩ ይከፈታል። ፎልደር ሲከፈት የመጀመሪያውን ገጽ ኢንዴክስ የሚለውን ፋይል መንካት እንዳለባቸው ማስረዳት ብቻ ነበር ሥራው።

አስተያየት መስጫ አላስገባሁም። ስታቲክ ድረ ገጽ ላይ የሌላ ድርጅት አገልግሎት መለጠፍ ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ ዳታ ነው። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር የቴሌግራም ስሜን አስቀምጫለሁ፣ ጥያቄ ያለው እዚያ ይመጣል።

ለመጀመር የምታስቡ ከሆነ ዶሜይን በመግዛት አትጀምሩ። ሁጎን አውርዱ፣ ሦስት አራት ጽሑፍ ጻፉ፣ ጊትሀብ ወይም ክላውድፍሌር በሚሰጣችሁ የነጻ አድራሻ ላይ አውጡት። ከዚያ የራሳችሁን ሳይሆን የክፍላችሁን ደካማ ስልክ ተውሳችሁ፣ ዋይፋይ አጥፍታችሁ ክፈቱት። ከተከፈተ፣ ሁለት ወርም ሳትሰለቹ ከጻፋችሁበት፣ ስሙን ያኔ ግዙ፤ የነጻውን አድራሻ የያዘ ሰው ወደ አዲሱ እንዲሻገር ጊትሀብ ራሱ ያዞርላችኋል፤ ክላውድፍሌር ላይ ግን ማዞሪያውን ራሳችሁ ታስገባላችሁ። ፓወር ግዕዝ ማስታወሻ ያላችሁ ደግሞ መቀየሩን ዛሬውኑ ጀምሩ፤ ከሁሉም የሚቆየው እሱ ነው።